ድምፁ ያለው ቀፎው ውስጥ ነው

የቀረበልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «እናቴ ካረፈች ዓመት አለፈ። ኖኪያ 6600 ቀፎዋን አስቀምጬዋለሁ፤ አሁንም ይበራል። ድሮ ሞባይል ቤት ያስጫነችው የትዝታ ጥሪ አለበት። ልጅ ሆኜ ቤታችን ውስጥ ሲጮኽ የኖረው እሱ ነው። በብሉቱዝ ወደ አንድሮይድ ስልኬ ላክሁት። ዜማው ያው ነው፤ ድምፁ ግን ሌላ ሆነብኝ። ክራር የሚመስለው ነገር ጠፍቷል፤ ከበሮውም የተለየ ነው። ፋይሉ 6 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ጥሪው ግን ወደ 40 ሰከንድ ይሄዳል። የሰፈራችን ሞባይል ጠጋኝ ‹ፖሊፎኒክ ስለሆነ ነው› አለኝ። ፖሊፎኒክ ምን ማለት ነው? ስልከው ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን? እሷ የምትወደውን ዘፈን በኤምፒ3 ልጫንበት ብልም ቀፎው እምቢ አለ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርልሽ። ቀፎውን አለመጣልሽ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው።

ቶሎ ማወቅ ያለብሽን ላስቀድም። ፋይሉ አልተበላሸም። ብሉቱዙም ጥፋት የለበትም። ነገር ግን ያ ፋይል ብቻውን የእናትሽን ጥሪ አይዝም። ቀፎው የሞተ ቀን ድምፁም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቀሪውን ከማንበብሽ በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ፦ ቀፎውን ለማንም «ፍላሽ አድርግልኝ» ብለሽ አትስጪ፤ ፍላሽ ማለት ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ መጫን ነው፣ ውስጡ ያለውን ያጠፋዋል።

ይህን የምለው በራሴ እጅ ስላጠፋሁ ነው። ሞባይል ቤት ስሠራ አንዲት እናት ቀፎ አምጥተው «ይዘጋብኛል» አሉኝ። ፍላሽ አደረግሁት፤ ስልኩ ዳነ። ሲመለሱ ግን የከፈቱት የጥሪውን ቦታ ነበር፤ ባዶ ሆኖ አገኙት። ልጃቸው ሀገር ጥሎ ከመሄዱ በፊት የጫነላቸው ነበር። ሳልጠይቅ አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ያለ ቅጂ ቀፎ ነክቼ አላውቅም።

አሁን ወደ 6 ኪሎባይቱ እንምጣ። መልሱ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

ያንን መጠን ከሌሎቹ ጋር አስተያዪው። አንድ ዘፈን በተለመደው 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ሲቀዳ በየሰከንዱ 16 ኪሎባይት ይበላል። 6 ኪሎባይት ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ኤኤምአር የሚባለው የድሮ ስልክ የድምፅ ፎርማት በጣም ቆጣቢ ነው፤ በሰከንድ 1,600 ባይት ይበቃዋል። በእሱም ቢሆን 6 ኪሎባይት አራት ሰከንድ አይሞላም። ያንቺ ጥሪ ግን 40 ሰከንድ ይጫወታል። እንዴት ሆኖ? እዚያ ፋይል ውስጥ የተቀዳ ድምፅ ስለሌለ ነው። አንዲት ጠብታ ድምፅ የለም።

ያለው ትእዛዝ ነው። «በዚህ ሰዓት፣ በዚህ መሣሪያ፣ ይህን ኖታ፣ በዚህ ጉልበት ምታ። አሁን ልቀቅ።» ከዚያ ቀጣዩ፣ ከዚያም ቀጣዩ። ይህ አጻጻፍ ሚዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ኪቦርድ ከኪቦርድ እንዲነጋገር ነበር፤ ወደ ሞባይል የገባው በኋላ ነው። አንድ ኖታ ለመምታትና ለመልቀቅ ሰዓቱን ጨምሮ ስምንት ባይት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ በ6 ኪሎባይት ውስጥ ከ700 በላይ ኖታ ይገባል። ለ40 ሰከንድ ትዝታ ከበቂ በላይ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ዜማ የምታውቂ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንብሽም። ድጓው ላይ ከፊደሉ በላይ ምልክት አለ፦ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ። ምልክቱ ድምፅ የለውም። ድምፁ ያለው መሪጌታው ጉሮሮ ውስጥ ነው። የቤተልሔም ዜማ ሊቅና የአጫብር ዜማ ሊቅ ያንኑ ቃል ሲያዜሙት ለሰሚው አንድ አይደለም። የእናትሽ ፋይል ምልክቱ ነው፤ 6600 አንዱ መሪጌታ፣ አንድሮይድሽ ሌላው። አንቺ የላክሽው ምልክቱን ብቻ ነው። መሪጌታው እዚያው ቀርቷል።

ጠጋኙ የነገረሽም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ግን ግማሹን ነው የነገረሽ። ፖሊፎኒክ ማለት በአንድ ቅጽበት ብዙ ድምፅ ማውጣት የሚችል ማለት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሞኖፎኒክ ነው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ። ኖኪያ 3310ን ታስታውሺ ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው። በእሱ ላይ ጥሪ በእጅ መጻፍ ይቻል ነበር። ከ1 እስከ 7 ያሉት ቁልፎች ከዶ እስከ ሲ ናቸው። 8 ኖታውን ያሳጥራል፤ 9 ያስረዝማል፤ 0 ዕረፍት ነው። ኮከቧ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን እርከን) ትቀይራለች፤ መሰላሏ ኖታውን በግማሽ ድምፅ ከፍ ታደርጋለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ልቤ የሚወደው ክፍል ነው። የኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው። 3310 ላይ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 6ን ብትነኪ ትዝታ ሜጀርን አገኘሽ። 1፣ 3፣ 4፣ 5፣ 7 ባቲ ነው። አምባሰል 1፣ መሰላል የተጨመረባት 1፣ 4፣ 5፣ መሰላል የተጨመረባት 5 ነው። አንቺ ሆዬ ደግሞ 1፣ መሰላል ያላት 1፣ 4፣ መሰላል ያላት 4፣ 6። ሙዚቃችን በአብዛኛው ዜማውን በአንድ መስመር ነው የሚያስኬደው። እንደ ፈረንጅ ሙዚቃ በኮርድ፣ ማለትም አብረው በሚመቱ ኖታዎች ላይ አይቆምም። ስለዚህ ያ ደረቅ ጩኸት ትዝታን ሲጫወት ምንም የጎደለ አይመስልም። ሰው በአውቶቡስ ውስጥ ሰምቶ አንገቱን ያዞር ነበር። ለፈረንጁ ዘፈን ሞኖፎኒክ ቅርፊቱን ብቻ አስቀርቶለት ነበር፤ ለኛ ግን ዜማውን በሙሉ ይዞ ነበር። ይህን ማንም እንዲረሳው አልፈልግም።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2002 አካባቢ ፖሊፎኒክ ተስፋፋ። ኖኪያ 3510ን የመሰሉ ቀፎዎች በአንድ ጊዜ አራት ድምፅ ያወጡ ነበር። ቀጥሎ 16 መጣ፤ ከዚያ 24፣ 40፣ 64። የእናትሽ 6600 በ2003 የወጣ ነው፤ ባለ 24 ድምፅ። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያደናግራል። 24 ዓይነት መሣሪያ ማለት አይደለም። በአንድ ቅጽበት አብረው ሊጮኹ የሚችሉ ኖታዎች ብዛት ነው። አንድ የፒያኖ ኮርድ ብቻውን ሦስቱን ይወስዳል። ከበሮው አንድ፣ ጽናጽል የሚመስለው አንድ፣ ቤዙ አንድ። ገና ዜማው ሳይጀመር ስድስት አለቀ።

ቦታው ሲሞላስ? ስልኩ አንዱን ይገድልና ለአዲሱ ይሰጣል። ባለ 24 ተብሎ የተሠራ ጥሪ ባለ አራት ድምፅ ቀፎ ላይ ሲጫን ዜማው መሃል መሃል የሚቆረጠው ለዚህ ነበር። ጠጋኞች «ፋይሉ ቫይረስ አለው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ቫይረስ አልነበረም፤ ቦታ ማጣት ነው። ለዚህ ችግር እ.ኤ.አ. በ2002 ኤስፒ-ሚዲ የሚባል ስምምነት ወጣ። ጥሪውን የሚሠራው ሰው ቅደም ተከተል ይጽፋል፦ «አራት ድምፅ ብቻ ካለህ ዜማውንና ቤዙን ተጫወት፤ ስምንት ካለህ ከበሮውን ጨምር፤ 16 ካለህ ሁሉንም።» ስልኩ አቅሙን አይቶ ይመርጣል። ብልህ ሐሳብ ነው። እኛ ዘንድ ግን ጥሪ የሚሠሩ ልጆች ይህን ሰንጠረዥ ሲጽፉ አላየሁም። አብዛኛው በኪቦርድ ተመትቶ፣ በኮምፒውተር ሚዲ ሆኖ ቀፎ ላይ ይጫን ነበር።

ስለ አጫጫኑም አንድ ነገር ልበል። ውጭ ሀገር ጥሪ የሚሸጠው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ነበር። አንድ መልእክት 140 ባይት ይይዛል፤ ለሞኖፎኒክ ዜማ ጥቂት መልእክት ይበቃዋል። እኛ ሀገር ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ቆየ። ልክ ፖሊፎኒክ በየሰዉ ኪስ እየገባ ባለበት ሰዓት። ስለዚህ ጥሪ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ፦ በኢንፍራሬድ፣ በብሉቱዝ፣ በሚሞሪ ካርድ። እናትሽም ሞባይል ቤት ድረስ ሄደው ነው ያስጫኑት። አንድ ሰው ተቀምጦ ለሳቸው መርጦላቸዋል።

እንግዲህ ያ ክራር የመሰለሽ ነገር የት ሄደ?

ሚዲ መሣሪያዎችን በቁጥር ነው የሚጠራው። ጀነራል ሚዲ የሚባለው ስምምነት 128 መሣሪያ አለው። ፒያኖ 1 ነው፤ ባለ ናይሎን ክር ጊታር 25 ነው። ከ128ቱ ውስጥ የጃፓን ኮቶ አለ፤ የስኮትላንድ ባግፓይፕ አለ፤ የሕንድ ሲታር አለ። ክራር የለም። መሲንቆ የለም። ዋሽንት የለም። ከበሮአችንም የለም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የኛ ልጆች የተቸገሩት እዚህ ነው። ክራርን በባንጆ ወይም በኮቶ፣ መሲንቆን በ111ኛው ፊድል፣ ዋሽንትን በፓን ፍሉት፣ ከበሮን በጃፓኑ ታይኮ ይተኩት ነበር። ከሁሉ የሚጠጋውን በጆሮ ይፈልጋሉ። በዚያ ቀፎ ላይ ያገኙትን።

ችግሩ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ድምፁ በየቀፎው የተለየ መሆኑ ነው። 106 ማለት «ባንጆ አምጣ» ማለት ነው። የትኛውን ባንጆ? ያ የአምራቹ ውሳኔ ነው። ኖኪያ ዘንድ ድምፁን የሚያወጣው ቢትኒክ ከሚባል ኩባንያ የተገዛ ሶፍትዌር ነበር፤ መሥራቹ እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ቶማስ ዶልቢ ነው። ትንንሽ የተቀዱ ናሙናዎችን እየዘረጋና እያሳጠረ ኖታ ይሠራል። ቦታ ስለሌለ ናሙናዎቹ በጣም አጭር ናቸው፤ ጫፋቸውም ደረቅ ነው። ያ ድርቀት ነው ባንጆውን ወደ ክራር ያስጠጋው። እነ ሳምሰንግ በበኩላቸው የያማሃን ቺፕ ያስገቡ ነበር። ፋይሉም ኤምኤምኤፍ የሚባል ሌላ ፎርማት ነው፤ ድምፁንም በአብዛኛው ከተቀዳ ናሙና ሳይሆን ኤፍኤም በሚባል ስሌት ነበር የሚፈጥረው። የብረት ቃና አለው፤ ደወል ሲጫወት ያምራል፤ ክር ሲሆን ግን አይሆንለትም። አንድሮይድሽ ደግሞ የራሱ ሌላ የድምፅ ስብስብ አለው። ይለሰልሳል። ባንጆውም ባንጆ ሆኖ ቁጭ አለ። የጠፋብሽ ክራር ይኸው ነው።

በነገራችን ላይ አንድሮይድ የድሮ ፎርማቶችን በማክበር የተመሰገነ ነው። ሚዲም፣ የኖኪያን የጽሑፍ ኖታም፣ የእነ ኤሪክሰንን አይሜሎዲም ይከፍታል። ዜማው ያልጠፋብሽ ለዚህ ነው።

ስለ ቅኝታችን አንድ ቃል ልጨምር። ሚዲ ኦክታቭን በ12 እኩል ቦታ ይከፍላል። መሲንቆ ተጫዋች ግን ጣቱን የሚያሳርፈው ሁልጊዜ እዚያ እኩል ቦታ ላይ አይደለም። ሚዲ ኖታ የሚያጎብጥ ትእዛዝ አለው፤ ከ16,000 በላይ ደረጃ ያለው፣ በጣም ደቃቅ። በዚህ የተጠቀመ የኛ ሰው ጥሪው ወዲያው ይታወቃል፤ ዜማው ያቃስታል። የእናትሽን ፋይል በኮምፒውተር ከፍተሽ እይው። የጎበጡ መስመሮች ካሉበት የሠራው ሰው ጆሮ ነበረው ማለት ነው።

ኤምፒ3ውን እናንሳ። 6600 ከፋብሪካ ሲወጣ ኤምፒ3 አያውቅም። ሰው በተጨማሪ ፕሮግራም ነበር የሚያጫውተው። ጥሪ አድርጎ የሚቀበለው ሚዲ፣ ዌቭ (ሳይጨመቅ የተቀዳ ድምፅ) እና ኤኤምአር ነው። የፋይሉን ስም ጫፍ ብትቀይሪም አይጠቅምም። ብዙ ሰው ኤምፒ3 የሚለውን አጥፍቶ ኤኤምአር ብሎ ይጽፋል። ያ የጠርሙሱን ወረቀት መቀየር ነው፤ ውስጡ ያው ነው። ወደ ሚዲ «ኮንቨርት» ማድረግ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ዘፈን ሰምቶ ኖታ መጻፍ ማለት ነው። በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም አለ፤ ግን ባንድ የተጫወተውን ሲሰጡት ትርምስ ነው የሚመልሰው። ድካም ነው፣ ተይው።

ከኤኤምአርና ከዌቭ የቱ ይሻላል? ኤኤምአር የተሠራው ለስልክ ንግግር ነው። ድምፅን በሰው ጉሮሮና አፍ አምሳል ነው የሚያስበው። በሰከንድ 8,000 ጊዜ ብቻ ናሙና ስለሚወስድ ከ4,000 ሄርዝ በላይ ያለው ሁሉ ይቀራል። ለሰው ንግግር ይበቃል። ሙዚቃ ሲሆን ግን በቆርቆሮ ውስጥ የተዘፈነ ይመስላል። አንድ ሰው በመሲንቆ ብቻ ሲያንጎራጉር ይችለዋል፤ ባንድ ሲጨመርበት ይፈርሳል። ስለዚህ ዌቭ አድርጊው፦ ሞኖ፣ 16 ቢት፣ 16,000 ሄርዝ። 30 ሰከንድ ስትቆርጪ አንድ ሜጋባይት አይሞላም። የ6600 የውስጥ ቦታ 6 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ሚሞሪ ካርዱ ላይ አስቀምጪው። ቤዙን ቀንሺለት። ያቺ ትንሽ ስፒከር ወፍራም ድምፅ አታወጣም፤ ትንቀጠቀጣለች እንጂ።

አሁን ዋናው። የእናትሽን ጥሪ ለማዳን ቀፎው ራሱ ሲጮኽ መቅዳት አለብሽ። ሌላ መንገድ የለውም።

መጀመሪያ ባትሪውን አውጥተሽ እይው። ካበጠ አትጠቀሚበት። ቢኤል-5ሲ ነው፤ አሁንም በየሞባይል ቤቱ ይገኛል፤ ትንንሽ ሬዲዮኖችም በእሱ ነው የሚሠሩት። ከዚያ በኋላ የሚዲ ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ አስቀምጪ። ድምፁን ባይይዝም ዜማውን ይዟል። ያን ሞባይል ቤት ተቀምጦ የመታው ሰው ሥራ ነው፤ ይጠበቅ።

ሌሊት ወይም ጸጥ ያለ ሰዓት ምረጪ። ፍሪጁ ሳይቀር ይሰማል። ቀፎውን ፎጣ ላይ አድርጊው፤ ንዝረቱን አጥፊ። የምትቀጂበትን ስልክ አንድ ስንዝር ያህል አርቀሽ አስቀምጪ። የድምፅ መቅጃው ፎርማት ዌቭ ይሁን። ብዙ ስልክ ራሱ አሳንሶ ነው የሚቀዳው፤ ሴቲንጉን ግቢና እይ። የ6600ውን ድምፅ እስከ ጥግ አትክፈቺ፤ ስፒከሩ ይሰነጠቃል። ጥሪውን ከሜኑው አጫውቺ እንጂ ሰው እንዲደውል አታድርጊ። ቀፎው ከኔትወርክ ጋር ሲነጋገር በሰከንድ 217 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል፤ ያም መቅጃው ውስጥ ይገባል። ድሮ ስልክ ሊደወል ሲል ሬዲዮኑ «ድትድትድት» ይል የነበረው እሱ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ቅጂ። ከሁሉ የጠራውን ትመርጫለሽ።

በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በሽቦ አድርጎ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር መቅዳትም ይቻላል። ጥርት ብሎ ይመጣል። ግን ስፒከሯ የምትጨምረው ነገር አይኖረውም። ቤታችሁ ውስጥ የሰማሽው በስፒከሯ ነው። የኔ ምርጫ ስፒከሯ ናት፤ በሽቦ የተቀዳውን ለመጠባበቂያ ያዢው።

የተቀዳውን ለአዲሱ ስልክሽ ጥሪ ልታደርጊው ትችያለሽ። አንድሮይድ ዌቩን እንዳለ ይቀበላል። አይፎን ያለው ወንድም ወይም እህት ካለሽ ግን ፎርማቱን መቀየርና ማሳጠር ሊያስፈልግ ይችላል። ዋናውን ዌቭ ግን ሁለት ቦታ አስቀምጪ፤ አንዱ ከስልክሽ ውጭ ይሁን።

ይህን ሁሉ ከጨረስሽ በኋላ አንድ የመጨረሻ ቅጂ አድርጊ። በዚህኛው የከለከልኩሽን ሁሉ ፈቅጃለሁ። ቀፎው ኔትወርክ ከያዘ ሲም አስገቢበት፤ ንዝረቱን መልሺ፤ እናትሽ ያኖሩት በነበረበት ጠረጴዛ ላይ አድርጊውና ሰው ይደውልልሽ። አታንሺው፤ ሁለት ሦስት ዙር ይጩህ። ጥሪው አልቆ እንደገና እስኪጀምር አጭር ዝምታ አለች። ስታስተካክዪ እሷን አትቁረጫት።